የማኅበሩ ሣጥንና የባሕር ማዶ ሐኪም

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ጡረታ ለወጣ መምህር በሰፈሩ ከሚቀርለት ማዕርግ አንዱ ማመልከቻ ጸሐፊነት ነው። ለቀበሌም ሆነ ለፍርድ ቤት የሚቀርበውን ሁሉ «ጋሼ፥ ያሳምሩልን» እያሉ ያመጡልኛል፤ እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የለመድሁትን የቁም ጽሕፈት ስላልተውሁ ደስ እያለኝ እጽፋለሁ። ባለፈው ክረምት ግን የማልጽፈው ማመልከቻ መጣብኝ።

ያመጣው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በጁገል ውስጥ በመኪና ግርግር፥ የስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ባወጣለት መንገድ፥ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ይሰፋል። ሰውነቱ እጅግ ከብዷል፤ የስኳር በሽታም ይዞታል፤ ከኤረር በር ሽቅብ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ያርፋል። «ጋሼ፥ ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና በቱርክ አገር አለ፤ የጤና መድኑ ከፍሎ እንዲልከኝ ይጻፉልኝ። ምክንያቱን ግን ውፍረት አይበሉት፤ ሌላ ሕመም ይበሉት» አለኝ። እንቢ አልሁት።

እንቢ ያልሁት እንደ ጎረቤቶቹ «ሆዳም ነው፤ አፉን ይዝጋ» ብዬ አይደለም። እንዲህ የሚሉትን ሰዎች አጥብቄ እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንደ ነበረበት የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ የሰው ልጅ አንድ ስምንተኛው በአንድ ትውልድ ዘመን ሆዳም ሆነ ማለት ዘበት ነው። እኛ በእግራችን የሄድነውን መንገድ ዛሬ ባጃጅ ከደጃፍ አንሥቶ ያደርሳል፤ ጫት ሲቃም ከቀትር እስከ ማታ ተቀምጦ፥ በስኳር የወፈረ ሻይና ለስላሳ ይጠጣል። ቀዶ ሕክምናውም የጌጥ ነገር አይደለም፤ በብዙ ሰው ላይ ስኳሩን እስከ ማብረድ ይደርሳል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው እንቢ ያልሁት።

የሐረር ልጆች አፎቻ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ለሠርግና ለሐዘን የተዋጣውን ገንዘብ አንዱ አባል ወስዶ ለብቻው ጉዳይ ቢያውለው ሽማግሌዎቹ ምን ይሉታል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የጤና አፎቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፥ ደመወዝተኛ ያልሆነው ገበሬና ባለ ሱቅ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያዋጣ፥ ምንም ለሌለው ድኻ ደግሞ መንግሥት እንዲከፍልለት ሆኖ ነው። ደንቡ የውጭ አገር ሕክምናን አይከፍልም። ብዙ ሰው ይህን ከሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ጋር ያምታታዋል፤ ቦርዱ የሚመሰክረው ሕክምናው በአገር ውስጥ አለመገኘቱን ነው እንጂ፥ ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል አይደለም።

«ደንብ ይሻሻላል» ይባል ይሆናል። ይሻሻል! ነገር ግን ከየት ይጀመር? ለደመወዝተኞች በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታሰበው መድን ሥራ ላይ ሳይውል ደጋግሞ ቢራዘምም፥ ማስፈጸሚያ ደንቡ በ2005 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ደንብ ከማይሸፈኑት ውስጥ፥ ከውጭ አገር ሕክምና ጋር፥ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር የኩላሊት እጥበት ይገኛል። ኩላሊቱ ጨርሶ የደከመ ሰው እጥበቱ ሲቋረጥበት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። እኔ የተዘጋ በር የሚከፈት ከሆነ ይህ አስቀድሞ ይከፈት ባይ ነኝ፤ ተማሪዬ ግን ከእነዚህ ሰዎች ፊት ተሰልፎ፥ ያውም በሐሰት ስም ሊገባ ፈለገ። በባለጸጎቹ በአውሮፓ አገሮች እንኳ በሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም ወደ ሌላ አገር ሄዶ ወጪውን መድኑ እንዲከፍልለት የሚሻ ሰው፥ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ የሚጠይቀውም በእውነተኛ ሕመሙ ነው።

ደግሞስ ሲመለስ? ከሆዱ የሚወገደው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ቪታሚን መውሰድ፥ ደሙን ማስመርመር አለበት፤ የተሰፋው ቢያፈስስ በአስቸኳይ የሚከፍተው ሐኪም ያስፈልገዋል። የቆረጠው ሐኪም በባሕር ማዶ፥ እርሱ በጁገል። እኔ እንዲህ ያለውን ጉዞ ግማሽ ሕክምና እለዋለሁ።

ይህን ስነግረው ተቆጣ። «እንግዲያው በመዋጮዬ ምን አገኘሁ? የስኳር መድኃኒቴን ስጠይቅ አልቋል፥ ከውጭ ግዛ ብለው ሁለት ጊዜ መለሱኝ» አለ። እነሆ! ሰውየው በእጁ የያዘውን እውነተኛ አቤቱታ ትቶ፥ ሐሰተኛውን ሊያጽፈኝ መጥቶ ነበር። አዋጥቶ መድኃኒት የተከለከለ ሰው ሊጮኽ ይገባዋል፤ ገንዘቡን የሚያስተዳድሩትም መልስ አለባቸው። መድኃኒቱ በጊዜው ቢገኝ፥ ስለ አመጋገቡም የሚመክረው ባለሙያ ከአሥር ዓመት በፊት ቢኖር ኖሮ፥ ዛሬ ቱርክን ባላለመ ነበር።

ወዲያው ብዕሬን አነሣሁና ያንን ጻፍሁለት፤ የተመለሰበትን ቀን፥ የመድኃኒቱን ስም፥ ከኪሱ ያወጣውን ብር ሳይቀር። አንብቦ አጥፎ በኪሱ ከተተው፤ ማስገባቱን ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በመኪና ግርግር ሳልፍ ከመርፌው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ እንደ ድሮው ተነሥቶ አይስመኝም።