ኪቦርዱ በማን እጅ ነው?

በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ያየሁት ነገር አለ። ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ተማሪዎች ይመደባሉ። አንደኛው በቤቱ ላፕቶፕ ይዞ ያደገ የከተማ ልጅ ነው። ሁለቱ ከገጠር ወረዳ የመጡ፣ ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡት በግቢያችን ነው። ማንም ሳያዝ ኪቦርዱ ወደ ከተሜው ልጅ ይሄዳል፤ ሁለቱ ደብተራቸውን ይዘው ከጀርባው ይቆማሉ። በመጨረሻ ሦስቱም በአንድ ሪፖርት ላይ ስማቸውን ያሰፍራሉ፤ እኔም እኩል ማርክ እሰጣለሁ። ይህንንም ፍትሕ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ።

የተግባር ክህሎት በማየት አይገኝም። ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል ስህተቱን ፈልጎ ያረመው፣ ደግሞ ተሳስቶ ደግሞ ያረመው ተማሪ ሙያውን ይዞ ይወጣል። ከጀርባው የቆመው ግን ይዞ የሚወጣው ማርኩን ብቻ ነው። ልዩነቱን ያጠባል የተባለው ላብራቶሪ ራሱ ያሰፋዋል ማለት ነው።

ስህተቱ አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር ዓላማው ለገጠሩም ለከተማውም ተማሪ እኩል ትምህርት ማድረስ ነበር። ይሁን እንጂ ፕላዝማው የኬሚስትሪ ሙከራ ያሳያል እንጂ ዕቃውን ለተማሪው አያስጨብጥም፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣም ቆም ብሎ አይጠብቅም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። መሣሪያው ደረሰ፤ ክህሎቱ ግን አልደረሰም።

ዛሬ ጉዳዩ ከብዷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ብሔራዊ ፈተናውን በኦንላይን መውሰድ ጀምረዋል። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው የ‹‹5 ሚሊዮን ኮደሮች›› ሥልጠናም በኦንላይን የሚሰጥ ነው። ሐሳቡን አልነቅፍም። ነገር ግን ቀድሞ የሚጠቀምበት ቀድሞውኑ መሣሪያና ኢንተርኔት ያለው መሆኑን መካድ አይቻልም።

‹‹በጀት የለም›› የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ ሙሉ መልስ ግን አይደለም። እኔ በክፍሌ ኪቦርዱ በየሃያ ደቂቃው ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር፣ የተግባር ፈተናውም በነፍስ ወከፍ እንዲሆን አደረግሁ። ዋጋ አስከፍሎኛል። ፈጣኖቹ አጉረመረሙ፤ የኮርሱ ሁለት ምዕራፎችም ሳይሸፈኑ ቀሩ። ሆኖም በሴሚስተሩ አጋማሽ ከጀርባ ትቆም የነበረች አንዲት ተማሪ የጓደኛዋን ስህተት ስታርም አየሁ።

ላብራቶሪዎች ማታና ቅዳሜ ቢከፈቱ፣ ጀማሪዎች በመጀመሪያው ሴሚስተር ለብቻቸው የመለማመጃ ሰዓት ቢያገኙ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የትምህርት ኃላፊዎቻችን በየዓመቱ ስንት ኮምፒውተር እንደተገዛ ይነግሩናል። እኛ መምህራን ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ሰዓት በእጁ እንደሠራበት ልንጠይቃቸው ይገባል፤ አስቀድመን ግን ራሳችንን።