ድምፅ ያልነበራቸው የሸንጎ መሪ

ቡሬ ላይ ስለ ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ ከተነሣ ወሬው ጦርነት ነው። አይፈረድም። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ፣ በጠላት ዘመን በዚሁ በቡሬ ዙሪያ ጦር ይዘው የከረሙ አርበኛ ናቸው። በ1933 ዓ.ም. መባቻ እንግሊዛዊው ሳንፎርድ ከተቀናቃኛቸው ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጋር አስማማቸው፤ የካቲት ሲያልቅ ጣልያን ቡሬን ለቆ በመንቁሳ በኩል ወደ ደንበጫ ሸሸ።

እኔን የሚከነክነኝ ከድሉ በኋላ ያለው ነው። ነጋሽ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ወንበሩ ከፍ ያለ ነበር። ነገር ግን በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የምክር ቤቱን አባላት የሚሾሙት ጃንሆይ፣ ሕጉን የሚያጸድቁትም ጃንሆይ ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. እኚሁ የሸንጎ መሪ ንጉሠ ነገሥቱን ገድሎ ሪፐብሊክ ለማቆም አሲረዋል ተብለው ታሰሩ። የጎጃም ንጉሥ የልጅ ልጅ፣ ያውም ለሪፐብሊክ!

ሌላ አገር ግን መሪን በድምፅ መሞገት ይቻል ነበር። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያው እንደራሴ ታዲየስ ስቲቨንስ፣ ባርነትን ሲታገል ያረጀ ምላሰ ስለት ሽማግሌ፣ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን በምክር ቤት ድምፅ አስከሰሰ። ጆንሰን በሴኔት ለጥቂት፣ በአንድ ድምፅ ተረፉ። ስቲቨንስ ተሸነፈ፤ የነካው ግን የለም፤ ወራት ቆይቶ በሕመም ሞተ። ግድያን አላሞግስም። ሆኖም ነጋሽ ጃንሆይን በድምፅ የሚሞግቱበት በር ቢኖራቸው ኖሮ በድብቅ ይዶልቱ ነበር ወይ? አይመስለኝም።

በሩ ኋላም እምብዛም አልተከፈተም። ከ1949 ዓ.ም. ወዲህ እንደራሴ በሕዝብ ይመረጥ ጀመር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም፣ ለመወዳደርም የ1 ሺህ ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2 ሺህ ብር ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አሳለፈ። ጎጃም ውስጥ ወሬው «ቃላድ ሊጣል፣ መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊሄድ ነው» ሆነ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ሸፈቱ። የፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬ እንደራሴዬ የት አለ ብሎ አልጠየቀም፤ ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ፤ ይህንንም ያደረጉት ጃንሆይ እንጂ ምክር ቤቱ አይደለም።