ቤቱን ጠብቆ ባለቤቱን ማባረር፦ ከስፔን ጥንታውያን ከተሞች የተቃረመ ትዝብት

ወደ ስፔን ጥንታውያን ከተሞች የሚዘልቅ መንገደኛን በየደረሰበት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይህ ሕንፃ የማን ነው? መስጊድ የነበረው ዛሬ ካቴድራል ነው፤ ምኩራብ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቆይቶ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ አዛን ይሰማበት ከነበረው ማማ ላይ ደወል ተሰቅሏል። ኮርዶባን፣ ሴቪያን፣ ቶሌዶንና ግራናዳን ተዘዋውሬ ካየሁ በኋላ፣ ከውበታቸው ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው ይኸው ጥያቄ ነው። ስለ ውበታቸው ብዙ ተጽፏል። እኔ ለማለት የምሻው፣ አንዲት ሀገር ድንጋዩን በጥንቃቄ ጠብቃ ሰውን ልትጥል እንደምትችል፣ ይህንንም ታሪክን መጠበቅ ብላ ልትጠራው እንደምትችል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮርዶባ እንጀምር። የታላቁ መስጊድ ግንባታ የተጀመረው በ8ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ፣ በቀዳማዊ አብዱራህማን ዘመን ነው። ተከታዮቹ ገዢዎች ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል እየጨመሩበት ሄደው፣ ዛሬ ከ850 የሚበልጡ ዓምዶች ይቆጠሩበታል። ከዓምዶቹ ብዙዎቹ ከሮማውያንና ከቪሲጎቶች ሕንፃዎች የተወሰዱ ናቸው፤ የሚህራቡ ሞዛይክ ደግሞ ከክርስቲያኑ የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ዘንድ በመጣ ቁሳቁስ የተሠራ ነው። ከተማይቱ በ1236 በካስቲያው ንጉሥ በሣልሳዊ ፈርናንዶ እጅ ስትገባ መስጊዱ አልፈረሰም፤ ተባርኮ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1523 ግን ከመካከሉ ዓምዶች ተነሥተው ግዙፍ የካቴድራል አዳራሽ ይተከልበት ጀመር። የከተማው ምክር ቤት፣ ያውም የክርስቲያኖች ምክር ቤት፣ ግንባታውን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር፤ ሥራው የቀጠለው በንጉሡ ፈቃድ ነው። በቀይና በነጭ ቅስቶች ሥር ስሄድ ቆይቼ ያ ከፍ ያለ ነጭ ጣሪያ ድንገት ሲገጥመኝ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ የሰማሁ ያህል ተሰማኝ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። በ2006 ሀገረ ስብከቱ ሕንፃውን በስሙ አስመዝግቧል፤ ለምዝገባው የተከፈለው 30 ዩሮ ያህል እንደነበር ሲዘገብ፣ ብዙ ስፔናውያን ራሳቸው «ለመሆኑ ይህ የማን ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

ሴቪያ ሌላ መልክ ታሳያለች። የካቴድራሏ ማማ፣ ሂራልዳ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት በአልሞሃዶች የተሠራ ሚናራ ነው፤ የደወሉ ክፍል በ16ኛው መቶ ዓመት ተጨመረበት። ይልቁንም ያስደነቀኝ በአቅራቢያው ያለው የአልካሳር ቤተ መንግሥት ነው። በ1360ዎቹ ይህን ቤተ መንግሥት ያሠራው ክርስቲያኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ፔድሮ ነው፤ ሠራተኞቹ ግን ሙስሊም የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በግድግዳው ላይ በዓረብኛ የተቀረጸው ጽሑፍም ክርስቲያኑን ንጉሥ «ሱልጣን» እያለ ያወድሰዋል። ንጉሡ በጦር ሜዳ የተፋለማቸውን ሰዎች ጥበብና ፊደል በገዛ እልፍኙ ውስጥ ለማስቀመጥ አላፈረም።

ወደ ቶሌዶ ስንመጣ ነገሩ ይጠልቃል። ከተማይቱ በ1085 በሳድሳዊ አልፎንሶ እጅ ከገባች በኋላ፣ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት አይሁድ፣ ክርስቲያኖችና ዓረብኛ ዐዋቂዎች በአንድነት የሚተረጉሙባት የዕውቀት ገበያ ሆነች። የክሬሞናው ጄራርድ የበጥሊሞስን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ላቲን የመለሰው እዚሁ ነው። ነገር ግን ይህችው ከተማ በ1449 ከአይሁድ የተወለዱ ክርስቲያኖችን ከሕዝባዊ ሹመት የሚያግድ ደንብ አወጣች። በኋላ «የደም ንጽሕና» እየተባለ በስፔን ምድር የተስፋፋው ሥርዓት አንዱ መነሻ ይህ ነው። ሃይማኖታችሁን ለውጡ የተባሉ ሰዎች፣ ከለወጡ በኋላ ደግሞ ደማችሁን ለውጡ ተባሉ። የመጀመሪያውን ትእዛዝ መፈጸም ይቻላል፤ ሁለተኛውን የሚፈጽም ሰው ግን አልተፈጠረም። ዛሬ በቶሌዶ ጎብኚ የሚሰለፍለት አንድ ጥንታዊ ምኩራብ አለ፤ ስሙም «ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ» ነው። ምኩራብ በቅድስት ማርያም ስም ሲጠራ ከመስማት የበለጠ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያሳጥር ነገር አላውቅም።

ግራናዳ የታሪኩ መዝጊያ ናት። የመጨረሻው የሙስሊም መንግሥት ጥር 2 ቀን 1492 እጁን ሲሰጥ፣ የነዋሪው ሃይማኖት፣ ሕግና ንብረት እንዲከበር በውል ተጽፎ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት 31፣ እዚያው አልሃምብራ ውስጥ አይሁድን ከሀገር የሚያስወጣ ዐዋጅ ተፈረመ። ለሙስሊሞቹ የተገባውም ቃል ዐሥር ዓመት አልዘለቀም፤ በ1502 በካስቲያ ግዛት ያሉ ሙስሊሞች ከመጠመቅና ከመሰደድ አንዱን እንዲመርጡ ተገደዱ። ተጠምቀው የቀሩት ሞሪስኮዎችም ቢሆኑ አልዳኑም፤ ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ በሕግ ፊት ክርስቲያኖች ሳሉ፣ በመርከብ ተጭነው ተባረሩ። አልሃምብራ ግን ቆሟል። ግድግዳው ይጠገናል፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፤ ትኬቱ ከወራት በፊት ያልቃል። ከተማይቱም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 2 ቀን ድሏን ታከብራለች።

ይህን ስል የሙስሊሞቹን ዘመን የገነት ዘመን ለማድረግ አይደለም። በ1066 በግራናዳ አይሁድ ተጨፍጭፈዋል። የኮርዶባው ልጅ ሙሴ ማይሞኒደስ ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደው በአልሞሃዶች ዘመን ነው፤ ፈላስፋው ኢብን ሩሽድም በእነዚሁ ገዢዎች ተግዞ መጻሕፍቱ ተቃጥለዋል። ዛሬ ሁለቱም በኮርዶባ ሐውልት አላቸው። ጎብኚዎች የማይሞኒደስን የነሐስ ጫማ እየዳሰሱ ያልፋሉ። ከተሞች ያሳደዷቸውን ልጆቻቸውን ሲሞቱ ይወዷቸዋል፤ የሞተ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅምና።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የቅርቡ ሕግ ነው። በ2015 የስፔን ፓርላማ ከ1492 ስደተኞች ለተወለዱ ሴፋርዲ አይሁድ ዜግነት የሚሰጥ ሕግ አጸደቀ። ማመልከቻው እስከ 2019 ድረስ ክፍት ነበር። ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላም ቢሆን በደልን በሕግ አምኖ በር መክፈት የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በሞሮኮና በቱኒዚያ ላሉት የሞሪስኮ ልጆች እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። ሁለቱም ከአንድ ምድር፣ በአንድ አክሊል ስም የተባረሩ ናቸው። እንግዲህ ይቅርታውም እንደ በደሉ የሰውን ዘር እየለየ ሲሰጥ ምን እንበለው?

የዚህ ታሪክ አንድ ክር እኛም ዘንድ ደርሷል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። ሞሪስኮዎቹ ከሀገራቸው ወደቦች በሚጫኑባቸው ዓመታት እርሱ በዐፄ ሱስንዮስ አደባባይ ስለ ሃይማኖት ይከራከር ነበር። ፓኤዝ ቋንቋችንን የተማረ፣ ብልህና ትዕግሥተኛ ሰው እንደነበር ታሪክ ይመሰክርለታል። እርሱ በ1622 ከሞተ በኋላ የመጡት ግን ትዕግሥቱን አልወረሱም፤ አንድ መንግሥት በአንድ ሃይማኖት ካልተጠቀለለ አይጸናም የሚለው አስተሳሰብ በኃይል ሲተገበር ሀገሪቱ በደም ታጠበች። ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከዚያ ሁሉ ዛሬ ለዓይን የሚታየው በጣና ዳር፣ ጎርጎራ አካባቢ የቆመው ፍርስራሽ ነው። እዚያም ድንጋዩ ከሐሳቡ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የሀገራችን ሰው። ስፔን ለቅርሶቿ ያደረገችው እንክብካቤ የሚያስቀና ነው፤ በዚህ ረገድ ከእርሷ የምንማረው ብዙ አለ። ዳሩ ግን ቅርስ ማለት ወራሽ ያለው ነገር ማለት ነው። ወራሹ ተባርሮ የቀረ ሕንፃ የቱንም ያህል ቢያምር የተማረከ ንብረት ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት ሀገር ታሪክ አክባሪነት ስንመዝን፣ ግንቦቿ መታደሳቸውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ግንቡን የሠሩት ሰዎች ልጆች በዚያች ከተማ ያለ ፍርሃት ማደር ይችላሉን? ብለን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ ስለ ኮርዶባና ስለ ግራናዳ የሚቀርበውን ያህል ስለ ማናቸውም ከተማ ሊቀርብ ይገባዋል፤ የሰውን የትውልድ ሐረግ ቆጥሮ «ይህ ቤትህ አይደለም» የሚል ድምፅ በተሰማበት ሁሉ፣ ነገ በትኬት የሚጎበኝ ባዶ ቤት እየተዘጋጀ ነውና።