ሆዱ የሚታይ ሰዓትም ይሸውዳል

ስኬሌተን ሰዓት የምወደው ሆዱን ስለማይደብቅ ነው፤ ጥርሶቹ ሲሽከረከሩ ይታያሉ። ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ አሮጌ ስኬሌተን ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። ጀርባው ላይ ከተመረቱት 100 ሰዓቶች ስንተኛው እንደሆነ ተቀርጿል። ብር ልልክ ስል የጄኔቫው ጨረታ ትዝ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ አሮጌ ኦሜጋ ስፒድማስተር እዚያ ከ3 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። በ2023 ግን ኦሜጋ ራሱ «ከተለያዩ ሰዓቶች ዕቃ የተገጣጠመ ነው» አለ። የሚገርመው፣ የተገዛው ለኦሜጋ ሙዚየም ነበር!

አምራቹ ከተሸወደ እኛ በፎቶ ምን ልንለይ ነው? የሚታየው ማሽን ከሌላ ሰዓት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥር ደግሞ ማንም ይቀርጻል። ሻጩን የማሽኑን ቁጥርና ከፋብሪካው መዝገብ የወጣ ማስረጃ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ብሬም ኪሴ ቀረ። እናንተም ሳትከፍሉ ጠይቁ።