ሩጫው የሁሉም፣ ለቅሶው የራሱ

ታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ቀነኒሳ በቀለ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። አቴንስ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካጠለቀ ወራት ቢሆነው ነው። ከእጮኛው ከዓለም ጋር አዲስ አበባ ዳር ጫካ ውስጥ ልምምድ ላይ እንዳሉ ዓለም ወደቀች፤ ሕይወቷም አለፈ። እሷም በ1995 ዓ.ም. ካናዳ ላይ በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና 1500 ሜትር ያሸነፈች ሯጭ ነበረች።

የአርሲ በቆጂው ልጅ ሐዘን በአንድ ቀን የዓለም ዜና ሆነ። በሳምንታት ውስጥ ቦስተን ላይ ሲሸነፍ ሽንፈቱ ከሐዘኑ ጋር ተያይዞ ተተነተነ። መጋቢት ላይ ፈረንሳይ ውስጥ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ሲያሸንፍ የድሉ ወሬ ያለ እሷ ስም አልተነገረም። ብዙው ሰው ከልቡ አዝኖለታል። ብቻውን ሊያለቅስ ግን ጊዜ የሰጠው አልነበረም።

ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ ግን ከመነሻው ተደበቀ። ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በአያቱ እጅ አማርኛ እየተናገረ ያደገው ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዘ ዊክንድ በሚል ስም ዘፈኖቹን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። 21 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቃለ መጠይቅ ሳይሰጥ ቆየ፤ ሰው ድምፁን እንጂ እሱን አያውቀውም ነበር። እንዲህ ማድረግ የሚችለው ግን ስቱዲዮ የሚሠራ ሰው ነው። ሯጭ ፊቱን ሸፍኖ አይሮጥም።

ወለንጪቲን በመሰለ ከተማማ መደበቂያ ከየት ይመጣል? ከአዳማ ወደ መተሐራ የሚወስደው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የሰዉ ውሎ መንገድ ዳር ነው፤ ሁሉም የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ቲክቶክ ላይ ስሟ የወጣ ልጅ እናቷን ልትጠይቅ ብትመጣ ቡናው ሳይፈላ ቪዲዮዋ ተለቆ ይጠብቃታል።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ የሰውየው ታዋቂነት ምክንያት ሲሆን ፈቃዱን መጠየቅ አያስፈልግም ይላል። ሕጉ ሲጻፍ ካሜራ የጥቂቶች ዕቃ ነበር። ዛሬ በየኪሱ አለ፤ ስለዚህ ያ ልዩ ሁኔታ እንደ ሙሉ ፈቃድ እየተቆጠረ ነው፤ ይህም ስህተት ነው። ታዋቂነት ሩጫን፣ መድረክን፣ ሽልማትን ማሳየት ይፈቅድ ይሆናል። መኝታ ቤትንና የታመመች እናትን ማሳየት ግን በምን ታዋቂነት ይፈቀዳል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ዝነኛውን ለይቶ አላስቀረም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስታዲየም ያለውን ቅረጹ፤ አጨብጭቡም። ለቅሶ ቤት ስትደርሱ ግን ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡትንም ዝነኛ ልጆች ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁ።