በረንዳ ማደር ወንጀል ነው ወይ? ከናይሮቢ የሚመጣው ስሞታ

ሰሞኑን ከናይሮቢ የሚደወልልን ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ከካኩማ ለጉዳይ ወጥተው እዚያው የቀሩ ልጆች፣ ከመካከላቸው እኔ ያስተማርኳቸውም አሉ፣ በተዘጉ ሱቆች በረንዳ ላይ እንደሚያድሩና ሌሊት ፖሊስ እንደሚያንገላታቸው ይናገራሉ። ስሞታቸው ከሦስት ነገር አይወጣም፦ በእርግጫ መቀስቀስ፣ ብርድ ልብስና ስልክ መነጠቅ፣ ከዚያ ደግሞ «ኪቱ ኪዶጎ» መጠየቅ። ስዋሂሊ ለማይሰማ፣ «ትንሽ ነገር» ማለት ነው። ያው ጉቦ ነው። የሌለው ወደ ጣቢያ ይወሰዳል።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ድሮስ ምን ሊሠሩ ወጡ?» ይላል። መልሱን እዚህ ያለን ሁላችንም እናውቀዋለን። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ2025 ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ራሽናችንን ከሙሉው መጠን ወደ 28 በመቶ አወረደው። በዚህ ወር የሚደርስ ቤተሰብ የለም። አንዱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ ሌላው ለሕክምና ወይም ለወረቀት ጉዳይ የጉዞ ፈቃድ አውጥቶ ይሄዳል። ቢሮው «ነገ ና» ሲለው ጉዳዩ ሳያልቅ የፈቃዱ ቀን ያልቃል። ቀኑ ያለፈበትን ሰው የሚያከራይ ደግሞ የለም፤ አልጋ ቤትም መታወቂያ ይጠይቃል። የቀረው በረንዳ ነው።

ይህ የስደተኛ ብቻ ዕጣ እንዳይመስላችሁ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 በኡጋንዳ ጎዳና ላይ ስለሚኖሩ ሕፃናት ባወጣው ሪፖርት፣ ፖሊስ እንደሚደበድባቸውና ገንዘብ እንደሚቀበላቸው ጽፏል። እነዚያ ልጆች የአገሩ ዜጎች ናቸው። እኛም ብንሆን «አፈሳ» የሚለውን ቃል ከአገር ቤት ይዘነው ነው የመጣነው። በ1996 ዓ.ም የወጣውን የአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ የምናስታውስ አለን። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ታፍሰው በሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ የተያዙ ሰዎች ስለነበሩበት ሁኔታ መግለጫ አውጥቶ ነበር።

ታዲያ የተኛን ሰው የመያዝ ሥልጣን ከየት መጣ? ሥሩ ሩቅ ነው። እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ ቤትና ሥራ የሌላቸው ወታደሮች ከተሞቿን ሲሞሉት በ1824 ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ ሜዳ ላይ ወይም ባዶ ቤት ውስጥ ማደር ወንጀል ሆነ። ኋላ እንግሊዞች «ሥራ ፈት» እና «ወሮበላ» የሚሉትን አንቀጾች ወደ ቅኝ ግዛቶቻቸው ይዘው መጡ። አገሮቹ ነፃ ሲወጡ አንቀጾቹ ቀሩ። የእነዚህ ሕጎች ችግር ሰውየው ምን አደረገ ብለው አለመጠየቃቸው ነው። የሚያዩት ምን እንደሚመስል ነው።

በዚህ በኩል ግን ደህና ዜናም አለ። በማላዊ አንድ የመንገድ ላይ ነጋዴ ገና ሳይነጋ ወደ ገበያ ሲሄድ «ወሮበላ» ተብሎ ተያዘ። ዝም አላለም፤ ተከራከረ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 2017 አንቀጹ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ በታኅሣሥ 2020 እንዲህ ያሉ ሕጎች ከአፍሪካ ቻርተር ጋር ስለማይስማሙ መንግሥታት ሊሽሯቸው ወይም ሊያሻሽሏቸው ይገባል አለ። በ2022 የኡጋንዳ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ አንቀጾችን ሻረ።

ይህ ሁሉ ውሳኔ እያለ ልጆቻችን ለምን ይረገጣሉ? የአሩሻው ውሳኔ የምክር አስተያየት ነው፤ አንድን መንግሥት አስገድዶ አያስፈጽምም። ከሱ የሚብሰው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። የበረንዳው ጉዳይ ፍርድ ቤት አይደርስም። እዚያው አስፋልት ላይ በ500 ሽልንግ ያልቃል። ጣቢያ ካልደረሰ መዝገብ የለም፣ መዝገብ ከሌለ ክስ የለም፣ ክስ ከሌለ ደግሞ ዳኛ የፈረደው ሁሉ እኛ ጋ አይመጣም። ፖሊሱም ይህን ያውቃል። አድራሻ የሌለው ሰው ማን ጋ ሄዶ ይከሳል?

የከፈሉትን አልወቅስም። አንድ ሌሊት በእስር ቤት ከማደር፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ ያለውን ሰጥቶ መገላገል ይሻላል። ፖሊስም የሚለው አለው፤ ሌሊት ሌባ ይበዛል፣ ባለሱቆች ይጮሃሉ። እውነት ነው። ግን ለስርቆት የስርቆት ሕግ አለ። መተኛት የሌብነት ማስረጃ አይሆንም።

የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ልጆቹ ሊያውቁት የሚገባ ነው። የተያዘ ማንኛውም ሰው፣ ዜጋ ይሁን ስደተኛ፣ ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሰዓቱ ፍርድ ቤት በማይሠራበት ቀን ካለቀ በሚቀጥለው የሥራ ቀን። ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ ወይም ከ6 ወር የማይበልጥ እስራት በሆነ ጥፋት ደግሞ ሰው በእስር እንዲቆይ አይደረግም። የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስም ስሙን ወይም የአገልግሎት ቁጥሩን በሚታይ ቦታ መለጠፍ ግዴታው ነው።

ይህን ሌሊት መንገድ ላይ ለፖሊስ አንብብለት አልልም፤ ዱላ ሊያመጣ ይችላል። ጥቅሙ ሲነጋ ነው። ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ ቁጥሩን፣ የተወሰደውን ዕቃ፣ አብሮ የነበረውን ሰው ጻፉ። ጣቢያ ያመለከተ ሰው የመዝገቡን ቁጥር፣ «ኦቢ ናምበር» የሚሉትን፣ ሳይዝ አይውጣ። ፖሊስን በፖሊስ መክሰስ የሚፈራ ለአይፖአ ማመልከት ይችላል። አይፖአ የፖሊስን ጥፋት የሚመረምር ከፖሊስ ውጭ ያለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ወረቀቱ ያለፈበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ እንደ ሪፊዩጂ ኮንሶርቲየም ኦፍ ኬንያ ወይም ኪቱዎ ቻ ሼሪያ ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡትን ቢያማክር ይሻላል።

አንድ ማመልከቻ ምንም ላይለውጥ ይችላል። ግን በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቁጥር ላይ፣ ሃያ ማመልከቻ ሲቆለል «አላየሁም» ማለት ይከብዳል። የማላዊው ነጋዴም ከእኛ የተሻለ ሀብት አልነበረውም፤ ጉዳዩ ግን መዝገብ ላይ ሰፈረ። ስለዚህ እዚህ ካምፕ ያላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድምና እህቶች፣ ልጆቹ ሲደውሉ «አይዞህ፣ አይዞሽ» ብላችሁ ብቻ ስልኩን አትዝጉ። የት ነበር? ስንት ሰዓት? ቁጥሩን አይተሃል? ብላችሁ ጠይቁና በደብተር ያዙላቸው። የእነሱ ስልክ ሊነጠቅ ይችላል፤ እናንተ ጋ ያለው ደብተር ግን ይቆያል።