ሰባት ቀን አስተኝቶ መሸኘት

አሜሪካ ውስጥ ሄሮይን ወይም ፌንታኒል የገባበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ተስፋ ይዞ ይሮጣል። ልጁ አልጋ ያግኝ፣ ሐኪም አጠገቡ ይሁን፣ መርዙ ከሰውነቱ ይውጣ፤ የቀረው የጸባይና የጸሎት ጉዳይ ነው። ዲቶክስ የሚሉት አሠራር የሚሸጠው ይህን ተስፋ ተንተርሶ ነው። ቤተሰብ ብቻ ቢያምንበት ባልከፋ። ኢንሹራንሱም ለጥቂት ቀናት አልጋ ከፍሎ ነገሩን ይዘጋል፤ ዳኛውም ዲቶክስ ገብተህ ና ይላል፤ አንዳንዱ ማገገሚያ ደግሞ በሩን የሚከፍተው ከማናቸውም መድኃኒት ነጻ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ የሚኖረው የእኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም ከዚህ አስተሳሰብ ውጭ አይደለም። የእኔ ክርክር እንዲህ ነው። በሐኪም ክትትል ሰውነትን ከኦፒዮይድ (ሄሮይንና ፌንታኒል ከሚመደቡበት የመድኃኒት ዓይነት) ማላቀቅ ለተከታታይ ሕክምና መግቢያ ሲሆን ይጠቅማል። ብቻውን ሕክምና ተብሎ ሲሰጥ ግን ጥቅም አልባ ሆኖ ቢቀር እንኳ መልካም ነበር፤ ሰውየውን ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ለሞት በሚቀርብበት ሳምንት ላይ አድርሶ መርቆ ይሸኘዋል።

በእነዚያ ቀናት የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሄሮይን የለመደ ሰው ከወሰደ 8 ወይም 12 ሰዓት ሲያልፈው ያዛጋዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈስሳል፣ ያልበዋል፣ ጠጉሩ ይቆማል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ትውከትና ተቅማጥ ይጀምረዋል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ አጥንቱ ድረስ ይቆረጥመዋል፣ እግሩ ሌሊቱን ሙሉ ይወራጫል። ከሁሉም በላይ ሃራራው አለ፤ ጫት ያቋረጠ ሰው ላይ የምናውቀው መነጫነጭ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሐኪሙ ቡፕረኖርፊን ከምላስ ሥር እየሰጠ መጠኑን ቀን በቀን ይቀንሳል፣ ለላቡና ለልብ ምቱ ክሎኒዲን ያዝዛል፣ የጎደለውን ፈሳሽ ይተካል። በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ትውከቱ ይቆማል፣ ሰውየው ምግብ ይቀምሳል፣ ይቀልዳል። ሽንቱ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ይባላል። ይህ ሁሉ ስቃይ የሚያቀል የሐኪም ሥራ ነውና የሚናቅ አይደለም። አልኮል የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ማቆሙ ራሱ ሊገድለው ይችላል፤ ኦፒዮይድ ግን በማቆሙ ብዙም አይገድልም። የሚገድለው ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱም ይታወቃል። ኦፒዮይድ ትንፋሽን የሚመራውን የአንጎል ክፍል ያደነዝዛል። ለወራት የወሰደው ሰው ግን ይላመደዋል፤ ሌላውን ሰው የሚገድል መጠን ለእሱ ከሃራራ ከመገላገል ያለፈ አይሆንም። ይህ መላመድ ሰውየው ካቆመ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ፍላጎቱ ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። እንግዲህ ከዲቶክስ የሚወጣ ሰው የድሮ ፍላጎቱን ባልለመደ ሰውነት ተሸክሞ ይወጣል ማለት ነው። አንድ ቀን ተሸንፎ የድሮውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ይቆማል። ዛሬ መንገድ ላይ የሚገኘው ደግሞ ባብዛኛው ከሄሮይን 50 እጥፍ ገደማ የሚበረታው ፌንታኒል ነው። በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ተኝተው የታከሙ 137 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከሆስፒታል በወጡ በአራት ወር ውስጥ ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ሦስቱም ሕክምናውን በአግባቡ ከጨረሱት መካከል ነበሩ። አቋርጠው ከወጡት፣ አልሆንላቸው ካሉት ውስጥ አንድም እንዲህ የሞተ አልነበረም። ሦስት ሰው ትንሽ ቁጥር ነው የሚል ካለ፣ በ2007 የወጣውን የዋሽንግተን ግዛት እስረኞች ጥናት ይመልከት። እስር ቤት ብዙውን ጊዜ የግዴታ ዲቶክስ ነው። እስረኞቹ በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን በላይ በመውሰድ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 129 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

አሜሪካ ይህን የሚያስተምር ልምድ አጥታ አይደለም። መንግሥቷ በ1935 ኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ከተማ አጠገብ ግማሹ እስር ቤት፣ ግማሹ ሆስፒታል የሆነ ግዙፍ ተቋም ከፍታ ነበር። ከብት ይረባበታል፣ መሬት ይታረስበታል፤ ከክፉ ጓደኛና ከከተማ ወከባ የራቀ ነው። ወላጅ ሁሉ ለልጁ የሚመኘው ዓይነት ቦታ ነው። ከዚያ ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ የተመለሱትን ታካሚዎች የተከታተለው የ1962 ጥናት ግን ከአሥሩ ከዘጠኝ የሚበልጡት እንዳገረሸባቸው አገኘ። ሌክሲንግተን ውስጥ የሠሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም ማሪ ናይስዋንደር ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ከሐኪሙ ቪንሰንት ዶል ጋር ሆነው በ1964 ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር የምርምር ተቋም ውስጥ ሌላ ነገር ሞከሩ፤ መድኃኒቱን ቀንሶ ማቆሙን ትተው ቀን ሙሉ የሚቆየውን ኦፒዮይድ፣ ሜታዶንን፣ በየቀኑ በበቂ መጠን መስጠት ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ያሳተሙት ስለ 22 ታካሚዎች ነው። ሐሳባቸው ሁሉ የሚቀጥለውን መርፌ ከማግኘት አልፎ የማያውቅ ሰዎች ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ ተመለሱ፣ ከቤተሰብ ታረቁ። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል።

ማስረጃው የመነጨው ከአንድ አገር ብቻ ቢሆን አሜሪካዊ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ስዊድን ውስጥ ተደርጎ በ2003 ላንሴት ላይ የታተመው ሙከራ ግን ጥያቄውን ፊት ለፊት ጠይቆታል። 40 የሄሮይን ሱሰኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሃያዎቹ ለአንድ ዓመት ቡፕረኖርፊን ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ሃያ መድኃኒቱ በስድስት ቀን ውስጥ እየቀነሰ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የሚወስዱት ባዶ ኪኒን ነበር። የምክር አገልግሎቱ፣ የቡድን ሕክምናው፣ በሳምንት ሦስቴ የሚደረገው የሽንት ምርመራ ለሁሉም እኩል ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ‘ዋናው ምክሩና ክትትሉ ነው’ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይፈተናልና። ከዓመት በኋላ መድኃኒቱ ከቀጠለላቸው ከሃያው አሥራ አምስቱ ሕክምናው ላይ ነበሩ። በስድስት ቀን ከተቋረጠባቸው ውስጥ ሕክምናው ላይ የቀረ አንድም የለም፤ አራቱ ደግሞ ሞተዋል። መድኃኒት ከቀጠለላቸው የሞተ አልነበረም። በሌላ በሽታ ላይ እንዲህ ያለ ውጤት ቢገኝ የስድስት ቀኑን አሠራር ብቻውን የሚሰጥ ሐኪም ፈቃዱ አይቀማም ነበር?

የሚነሳው መልስ የታወቀ ነው፤ ‘ይህማ አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ነው’ ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ አልክደውም። ሜታዶን ራሱ ኦፒዮይድ ነው፤ የሚወስደው ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ይታመማል። ነገር ግን ሰውነት መድኃኒት መላመዱ አንድ ነገር ነው፣ ሰው በሱስ መገዛቱ ሌላ ነው። ሄሮይን በቀን ብዙ ጊዜ ያነሣል፣ ብዙ ጊዜ ይጥላል፤ በመካከሉ ሰውየው ለሌላ ነገር የሚሆን ሰዓት አይተርፈውም። በትክክለኛ መጠን የተሰጠ ሜታዶን አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል፤ ማስከሩም ማቃጠሉም የለም፤ ሰውየው ሥራ ይገባል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ሒሳቡን ይከፍላል። ለክርክሩ ብሎ ይህንን ሁሉ ሱስ ነው ብሎ የሚጠራ ሰው ቢኖር እንኳ ለሞት መዝገቡ መልስ መስጠት ይኖርበታል። በ2017 የታተመው፣ ብዙ አገሮች ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው ሥራ እንዳገኘው፣ ሜታዶን ላይ ካሉ 1,000 ሰዎች በዓመት 11 ገደማ ሲሞቱ፣ ካቆሙት 1,000 ውስጥ ግን 36 ገደማ ይሞታሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን በ2005 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በከንቱ አይደለም።

እኛ ዘንድ ተቃውሞው ሌላ መልክም ይይዛል። የምናውቀው ሱስ ጫትና ሲጋራ ነው፤ ከቆረጠ የማይተው ነገር የለም የሚል ሰው በየቤቱ አለ፤ ለዚያውም እውነት ብሏል፤ ሲጋራን በአንድ ቀን ጥሎ ያልተመለሰ ብዙ ነው። ችግሩ ከሲጋራ የተማሩትን ለፌንታኒል ማዋሉ ነው። ሲጋራ ያገረሸበት ሰው ነገ እንደገና ይሞክራል፤ ፌንታኒል ያገረሸበት ሰው ነገ ላይኖር ይችላል። በጸበል ብቻ ይድናል ብለው የሚያስቡም አሉ። በዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ መልስ አለው። የኤችአይቪ መድኃኒት አገር ቤት በገባ ጊዜ መድኃኒትና ጸበል አብረው አይሄዱም በሚል አጥብቀው የተከራከሩ፣ መድኃኒታቸውንም የተዉ ብዙዎች ነበሩ። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ዕድሜ ልክ ኪኒን የሚውጥ ምእመን እምነቱ ጎደለ የሚል ዛሬ እምብዛም አይሰማም። ታዲያ ሜታዶን የሚወስደውን ልጅ ከጸሎቱ ማኅበር የሚያርቀው ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከሐኪሞቹ ወገን የሚመጣው ነው። ሜታዶን ከመጠን ካለፈ ይገድላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ በጥንቃቄ መጨመር አለበት። ተሰርቆ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ለሚወስዱት ሰዎች የተሠራው ሥርዓት ደግሞ ለዓመታት አዋራጅ ነበር፤ ሰው ሥራውን ትቶ በየማለዳው ክሊኒክ በር ላይ ይሰለፋል፣ ነርስ ፊት ቆሞ ይጠጣል። እነዚህ ሁሉ ሕክምናው እንዲሻሻል ያስገድዳሉ እንጂ ዲቶክስን ብቻውን አያጸድቁም። ፈረንሳይ ከ1995 ጀምራ ቡፕረኖርፊንን ማንኛውም ሐኪም እንዲያዝዝ ፈቀደች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የወሰዱትና የሸጡትም ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ግን ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚደርሰው ሞት በ79 በመቶ ወረደ። አሜሪካ ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ያስፈልግ የነበረውን ልዩ ፈቃድ ያነሣችው በ2022 መጨረሻ ላይ ነው፤ ሜታዶን ወደ ቤት ይዞ መሄድን በቋሚነት ያላላችውም በ2024 ነው። ዘግይታ ቢሆንም አቅጣጫው ትክክል ነው።

ታዲያ መቼ ነው የሚቆመው? ይህ ወላጅ የሚጠይቀው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔ በቀን ቆርጬ አልመልሰውም። ቀስ ብለው ቀንሰው ያቆሙ፣ ደኅና ሆነው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ሳይጣደፉ፣ ሥራና ቤት ይዘው፣ በራሳቸው ፈቃድ ሲያደርጉት ዕድላቸው ይሻላል። ከ650 በላይ የሕመም ማስታገሻ ሱሰኞችን የመረመረው፣ በ2011 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግን መጠንቀቅን ያስተምራል። ቡፕረኖርፊን ላይ ሳሉ ግማሽ ያህሉ ደኅና ነበሩ፤ መድኃኒቱ ተቀንሶ ከቆመ ከሁለት ወር በኋላ ደኅና ሆነው የተገኙት ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞሉም። እነዚህ ደግሞ ባብዛኛው ሥራ የነበራቸው፣ በሱሱ ብዙ ዓመት ያልቆዩ ሰዎች ነበሩ። ማቆሙ የሐኪምና የታካሚ ምክክር ይሁን፤ የኢንሹራንስ ሒሳብ ወይም የዳኛ ቀነ ገደብ ግን አይሁን። ክራይሚያ በ2014 ወደ ሩሲያ ቁጥጥር ሥር ስትገባ፣ ሩሲያ ሜታዶንን የምትከለክል አገር ናትና፣ 800 ገደማ ታካሚዎች ሕክምናቸው በትእዛዝ ተቋረጠ። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ መልእክተኛ በቀጣዩ ዓመት ከእነዚህ 80 እስከ 100 የሚሆኑት እንደ ሞቱ ገመቱ።

ገንዘቡንም አለማንሳት አይቻልም። ሜታዶን የሚሰጡ ክሊኒኮች ታካሚን ለዓመታት በመያዝ ያተርፋሉ የሚል ወቀሳ አለ፤ ሊመረመር ይገባዋል። ግን እየወጣ የሚመለስ ታካሚ ለማን ነው አዲስ ደረሰኝ የሚሆነው? በ2020 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች የሄሮይን ሱስ ያለበት ሰው መስለው ለ368 አስተኝቶ አካሚ ማገገሚያዎች ደወሉ። ቡፕረኖርፊንን በቀጣይነት እንሰጣለን ያሉት 29 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ መድኃኒቱን አትውሰድ ብለው የመከሩም አልጠፉም። እነዚህ ቦታዎች የሚኩራሩበት ‘ስንቱ ጨረሰ’ የሚለው ቁጥር ነው። የእንግሊዙ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት የጨረሱት ናቸው። የሚለካው ሌላ ነገር መሆን ነበረበት፤ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ፣ ስንቱ ሕክምና ላይ ነው፣ ስንቱ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል።

አሠራሩ እንደሚቀየር ማስረጃ የሚሆነው ከሁሉም ትንሿ ግዛት ነው። ሮድ አይላንድ ከ2016 ጀምራ በእስር ቤቶቿ ውስጥ መድኃኒቶቹን መስጠት ጀመረች፤ እስረኛው ሲፈታ ሕክምናው ውጭ ካለ ክሊኒክ ጋር ይያያዛል። በ2016 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ውስጥ በቅርቡ ከተፈቱት መካከል 26 ሰዎች ከመጠን በላይ ወስደው ሞተው ነበር፤ በ2017 ተመሳሳይ ወራት 9 ሆኑ። እስር ቤት ይህን ማድረግ ከቻለ በቀን ብዙ መቶ ዶላር የሚያስከፍል ማእከል ምን ምክንያት አለው? ዲቶክሱን የጨረሰ ሰው ሲሸኝ በእጁ ለቀጣዮቹ ሳምንታት የሚሆን መድኃኒት፣ የታወቀ ሐኪምና የቀጠሮ ቀን፣ ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ትንፋሽ የሚመልሰው ናሎክሶንም ሊኖር ይገባል፤ ቤተሰቡም ናሎክሶኑን እንዴት አፍንጫ ውስጥ እንደሚረጭ አሳይተውት ይሂድ። ይህን ሳያሟላ የሚሸኝ ማእከል የሚጽፈው ደረሰኝ የመኝታና የምግብ ይሁን፤ የሕክምና ብሎ ማስከፈሉን ኢንሹራንሱም መንግሥትም ሊቀበሉት አይገባም።